ባልና ሚስት ሆኖ በውጭ አገር በጎ ፈቃደኝነት፦ ከሰሜን ሸዋ ሰዎች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እኔና ባለቤቴ ከደብረ ብርሃን ተነስተን በማላዊ፣ በማላዊ ሐይቅ አቅራቢያ ባለችው በሳሊማ፣ እኔ በነርስነት እሱ በሂሳብ መምህርነት በበጎ ፈቃድ ካገለገልን ወዲህ አገር ቤት ያሉ ባለትዳሮች ደጋግመው የሚጠይቁን እነዚህን ነው።

በጎ ፈቃደኛ ማለት ያለ ክፍያ የሚሠራ ነው? ታዲያ በምን ትኖራላችሁ?

ደመወዝ የለም፤ አበል ግን አለ። የተባበሩት መንግሥታት በጎ ፈቃደኞች ፕሮግራም ወርኃዊ የኑሮ አበል፣ የመቋቋሚያ ገንዘብ፣ የጉዞ ወጪና የሕክምና መድን ይሰጣል። እንደ ቪኤስኦ (በእንግሊዝ አገር የተመሠረተ የበጎ ፈቃድ ድርጅት) ያሉ ድርጅቶች ደግሞ መኖሪያ ቤቱን ራሳቸው አዘጋጅተው ከዚያ ላይ ለአስቤዛ የሚበቃ አበል ይጨምራሉ። ገንዘቡ የተሰላው እዚያው ለመኖር ነው። ቦታ ገዝቶ ቤት ለመሥራት የሚተርፍ ገንዘብ ፍለጋ የምትሄዱ ከሆነ ይህ መንገድ አይሆናችሁም፤ ሄዳችሁ ከምታዝኑ ከአሁኑ ብታውቁት ይሻላል።

አበሉ በምን ገንዘብ እንደሚከፈል አስቀድማችሁ ጠይቁ። በጥቅምት 2016 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ የማላዊ ማዕከላዊ ባንክ አንድ ዶላር ከ1,180 ክዋቻ ገደማ ወደ 1,700 እንዲመነዘር ሲያደርግ በክዋቻ የሚከፈለው ሰው አበል በአንድ ሌሊት ቀለለ። የእኛም ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ አገር ቤት ለእናት ለአባት የሚላከው ሂሳብ ተለዋውጧል። ስለዚህ «በዶላር ነው ወይስ በአገሩ ገንዘብ?» የሚለው ጥያቄ ከአበሉ መጠን እኩል ይመዝናል።

ይህ የፈረንጆች ነገር አይደለም? ለእኛ ክፍት ነው?

ብዙዎቻችን በጎ ፈቃደኛ ሲባል የሚመጣልን ፒስ ኮር ነው። በ1962 እ.ኤ.አ. ወደ 280 የሚጠጉ አሜሪካውያን ወደ አገራችን መጥተው በየትምህርት ቤቱ ሲያስተምሩ ሽማግሌዎቻችን ያስታውሳሉ። ፒስ ኮር የሚቀበለው የአሜሪካ ዜጎችን ብቻ ነው፤ ለእኛ አይሆንም።

የተባበሩት መንግሥታት ፕሮግራም ግን በ1970 እ.ኤ.አ. ሲቋቋም ጀምሮ ለየአገሩ ሰው ክፍት ነው፤ አብዛኞቹ በጎ ፈቃደኞቹም እንደ እኛ ካሉ ታዳጊ አገሮች የሚመጡ ናቸው። ቪኤስኦም ከአፍሪካና ከእስያ ባለሙያ ይመለምላል። የሚፈለገው ሙያ፣ የሥራ ልምድና ሥራ የሚያሠራ እንግሊዝኛ ነው። አዋላጅ፣ የላቦራቶሪ ባለሙያ፣ የሳይንስ መምህር፣ የግብርና ባለሙያ የሆነ ሰው ከፈረንጅ ጋር ራሱን አነጻጽሮ ወደ ኋላ የሚልበት ምክንያት የለም። እንዲያውም መድኃኒት ባለቀበት ጤና ጣቢያ መሥራትን፣ አንድ መጽሐፍ ለአምስት ተማሪ አካፍሎ ማስተማርን የለመድነው እኛ ነን።

ማመልከቻው በድርጅቶቹ በራሳቸው ድረ ገጽ ይሞላል፤ ክፍያ የለውም። «የምዝገባ»፣ «የቪዛ ማስፈጸሚያ» እያለ ገንዘብ የሚጠይቃችሁ ሰው ካለ ሥራው ድለላ ነው፤ ራቁት።

ባልና ሚስት አንድ ቦታ ይመድቡናል?

ዋስትና የለም። ፒስ ኮር ባለትዳሮችን አብሮ የሚልከው ሁለቱም አመልክተው፣ ሁለቱም ብቁ ሆነው፣ ለሁለቱም በአንድ አካባቢ ሥራ ሲገኝ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ፕሮግራም ደግሞ ሰውን በግሉ ነው የሚቀጥረው። አንዳችሁ ስታልፉ ሌላው በቤተሰብነት ሊከተል ይችላል፤ እሱም ምድብ ቦታው ቤተሰብ የሚፈቀድበት ከሆነ ነው። ጸጥታው የማያስተማምን ቦታ ላይ ቤተሰብ አይፈቀድም።

ሁላችሁንም አጥብቄ የምነግራችሁ አንድ ነገር ቢኖር ይህ ነው፦ ለሁለታችሁም የየራሳችሁ ሥራ ሳይገኝ አትሂዱ። ተከታይ ሆኖ የሄደው ሰው የመኖሪያ ፈቃድ ቢያገኝም በብዙ አገር የሥራ ፈቃድ አብሮ አይሰጠውም። አንዱ ጠዋት ወጥቶ ሲሠራ፣ ሰው ሲያውቅ፣ ቋንቋ ሲለምድ ሌላው ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ሙቀት ሲቆጥር ይውላል። ማታ የሚገናኙት ሁለት ሰዎች አንድ አገር ውስጥ የኖሩ አይመስሉም። እንዲህ ሆነው ውላቸው ሳያልቅ የተመለሱ ጥንዶች አይተናል፤ ጸባቸው የተጀመረው በገንዘብ ወይም በምግብ አልነበረም፣ አንዷ «አንተ የመጣህበት አለህ፣ እኔስ?» ማለት ስትጀምር ነው።

ለሁለተኛው ሰው ሥራ የሚገኘው ብዙ ጊዜ ከዋናው ድርጅት ውጭ ነው። የወረዳው ሆስፒታል፣ የሚስዮን ትምህርት ቤት፣ የመምህራን ኮሌጅ ባለሙያ ይፈልጋሉ። የመጀመሪያው ሰው ውል ከመፈረሙ በፊት ድርጅቱን «ለባለቤቴ በዚያው ወረዳ ምን ሥራ አለ? የሥራ ፈቃዱን ማን ያስጨርሳል?» ብላችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። የማይመልስ ድርጅት ከሆነ የሚመልሰውን ፈልጉ። ቪኤስኦን በ1958 እ.ኤ.አ. የመሠረቱት ራሳቸው ባልና ሚስት ነበሩ፤ ጥያቄው ለእነሱ እንግዳ አይደለም።

የተጋባነው በሰማንያ ነው፤ ይበቃል?

ትዳሩ በሕግ የጸና ነው። በሰማንያም ይሁን በቁርባን ወይም በማዘጋጃ ቤት፣ ሕጋችን ሁሉንም ያውቃቸዋል። ኤምባሲ የሚጠይቃችሁ ግን የወሳኝ ኩነት የጋብቻ ምስክር ወረቀት ነው። ምዝገባው በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ በመሆኑ ከዚያ በፊት የተጋቡ ብዙዎች ወረቀቱ የላቸውም። ሰማንያችሁን ወይም ከቤተ ክርስቲያን የተሰጣችሁን ማስረጃና ምስክሮቻችሁን ይዛችሁ ቀበሌ ሄዳችሁ አስመዝግቡ፤ ከዚያ አስተርጉማችሁ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር አረጋግጡት።

ወረቀቱን ከእጅ ቦርሳችሁ አታውጡት። በእኛ አገር ሚስት የባሏን ስም ስለማትወስድ ፓስፖርታችሁ ላይ ያሉት ስሞች አይገናኙም። የኢሚግሬሽን ሠራተኛው «የቤተሰብ ስማችሁ ለምን ተለያየ?» ማለቱ አይቀርም። ሊሰድባችሁ ብሎ አይደለም፤ የአባት ስም የምንጠራ መሆናችንን በእርጋታ አስረዱትና ወረቀቱን አሳዩት።

ሥራችን፣ መሬታችን፣ ዕድራችንስ?

የመንግሥት ሠራተኛ ከሆናችሁ ያለ ደመወዝ ፈቃድ በጽሑፍ ጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ያዙ። በቃል «ሂዱ፣ ቦታችሁ ይጠብቃችኋል» ያለ ኃላፊ ስትመለሱ ላይኖር ይችላል። የጡረታ መዋጮውን ነገርም ያኔውኑ አንሱ።

ገጠር መሬት ያላችሁ፣ የይዞታ ደብተሩ ላይ የሁለታችሁም ስምና ፎቶ ስላለ ኪራዩንም ሁለታችሁ ናችሁ የምትፈርሙት። ውሉ በወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት ይመዝገብ። ለወንድም በቃል ሰጥቶ መሄድ ስንት ወንድማማች አቆራርጧል። ዕድሩን ሳታቋርጡ የሚከፍልላችሁ ሰው አስቀምጡ፤ ዕድር የወጣ ሰው ሲመለስ እንደ አዲስ ነው የሚገባው። ዕቁቡን ግን ጨርሳችሁ ሂዱ።

ሞቃት አገር ነው ይባላል፤ የደብረ ብርሃን ሰው ይችለዋል?

ይችለዋል፤ ግን ጊዜ ይፈልጋል። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ሳሊማ 500 ሜትር ገደማ። ጣርማ በርን ወርዶ ሸዋ ሮቢት የገባ ሰው የሚሰማውን ሙቀት ያውቃል፤ ሳሊማ ከሸዋ ሮቢትም በታች ናት። ወቅቱም ተገላብጧል፦ እዚህ ኅዳርና ታኅሣሥ ውርጭ ባቄላውን ሲያቃጥለው እዚያ ዝናቡ ይጀምራል፣ እስከ ሚያዝያ ይዘልቃል። ከሁሉም የሚከብደው ከዝናቡ በፊት ያለው ጥቅምት ነው። ፋርማሲ የማይደረስበት ቦታ ከሆነ ሕይወት አድን የአፍ ጨው ያዙ፤ የሱፍ ሹራብ ግን ለሰኔና ለሐምሌ ማለዳ አንድ ይበቃል።

ወባውስ?

ወባን አትናቁ። የደጋ ሰው በሰውነቱ ውስጥ ወባን የለመደ መከላከያ የለውም፤ የማላዊ ሕፃን በተደጋጋሚ ተይዞ ያዳበረው እኛ ጋ የለም። እዚያ ያለው በአብዛኛው ፋልሲፓረም የተባለው፣ ጭንቅላት ላይ የሚወጣው ነው። በእኛ አገርም ካለው፣ ቫይቫክስ ከሚባለው ቀለል ያለ ወባ ጋር እያመሳሰሉ «ይለቀኛል» ብሎ መተኛት ሰው ይገድላል።

መከላከያ መድኃኒት አለ፤ ለእያንዳንዳችሁ የሚስማማው ግን ሊለያይ ይችላል። ሜፍሎኩዊን በሳምንት አንድ ጊዜ ይዋጣል፤ ከመሄዳችሁ ሁለትና ሦስት ሳምንት አስቀድሞ ይጀመራል፤ ቅዠትና ጭንቀት ሊያመጣ ስለሚችል የአእምሮ ሕመም የነበረበት ሰው አይወስደውም። ዶክሲሳይክሊን በየቀኑ ነው፤ ርካሽ ነው፤ ቆዳን ለፀሐይ ያጋልጣል፣ ለነፍሰ ጡር አይሰጥም። ሁለቱም ከተመለሳችሁ በኋላ አራት ሳምንት ይቀጥላሉ። አቶቫኮን ፕሮጓኒል የሚባለውም በየቀኑ ነው፤ ከተመለሳችሁ በኋላ ሰባት ቀን ይበቃዋል፣ ዋጋው ግን ይከብዳል። ምርጫውን ለሐኪም ተዉ፤ አጎበሩን ግን በየማታው ራሳችሁ ፍራሽ ሥር አስገቡ። ትኩሳት ከያዛችሁ በዚያው ቀን ተመርመሩ። አገር ቤት ከተመለሳችሁ ከወራት በኋላም ትኩሳት ቢመጣ ለሐኪሙ መጀመሪያ የምትነግሩት ከየት እንደመጣችሁ ነው፤ ደብረ ብርሃን ላይ ወባ የሚጠረጥር ባለሙያ ብዙ የለም።

ሁለት ነገር ልጨምር። ሐይቁ ያምራል፤ ውኃው ውስጥ ግን ቢልሃርዝያ አለ፣ የዋኘ ሰው ቆይቶ መመርመር አለበት። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ደግሞ ከኢትዮጵያ የሚገባ ሰው ይጠየቃል፤ ከ2016 እ.ኤ.አ. ወዲህ አንድ ጊዜ የተወሰደው ለዕድሜ ልክ ያገለግላል።

ጾም እንዴት ይያዛል? ምንስ ይበላል?

የአገሩ ምግብ ንሲማ ይባላል፤ ከበቆሎ ዱቄት የሚሠራ፣ ከእኛ ገንፎ የሚቀራረብ፣ በእጅ እየተቆረሰ ከወጥ ጋር የሚበላ ነው። ለጾመኛ ጥሩ አገር ነው ማለት እችላለሁ። ሁዳዴ የሚውለው በዝናቡ ወራት ስለሆነ የዱባ ቅጠሉ፣ ጎመኑ፣ እሸት በቆሎው ሞልቶ ነው። የዱባ ቅጠል በተወቀጠ ለውዝ ሲሠራ በርበሬ ጠብ አድርጉበትና ቅመሱት፤ እኛ አሁንም ቤታችን እንሠራዋለን። ፍልሰታ በደረቁ ወር ስለሚመጣ ባቄላና ቦሎቄ ላይ መደገፍ ነው። ዓሣ የማይበላ ጾመኛ መሆንን ማስረዳት ግን አድካሚ ነው፤ የሐይቅ ዳር ሰው ዓሣን እንደ ሥጋ አይቆጥረውም፣ ለእንግዳ የሚያቀርበውም እሱን ነው። ቀድማችሁ ተናገሩ እንጂ ከቀረበ በኋላ አትመልሱ።

እስከ ዘጠኝ ሰዓት መጾሙን፣ በዚያ ሙቀት ቀኑን ሙሉ ቆሞ ከመሥራት ጋር እንዴት እንደምታደርጉት ከመሄዳችሁ በፊት ከንስሐ አባታችሁ ጋር ተነጋገሩ። እንጀራውን ከማሽላና ከበቆሎ ቀላቅሎ መጋገር ይቻላል፤ ሊጡ በሙቀቱ በአንድ ቀን ስለሚቦካ ዓይናችሁን አትንቀሉበት። የኤሌክትሪክ ምጣድ ይዛችሁ አትድከሙ፤ መብራቱ ይጠፋል። ሽሮና በርበሬ ግን አትርሱ።

ኢትዮጵያዊ መሆናችን ችግር ያመጣብናል?

የሚያስጨንቅ ጥያቄ ስለሆነ በቀጥታ ልመልስ። ማላዊ ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚሄዱ የአገራችን ልጆች የሚያልፉባት መንገድ ናት። ብዙዎች ተይዘው ታስረዋል። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በሰሜን ማላዊ በምዚምባ በጅምላ ተቀብረው የተገኙት ከ20 የሚበልጡ ሰዎች ኢትዮጵያውያን ስደተኞች ሳይሆኑ እንደማይቀሩ ፖሊስ ተናግሮ ነበር። እነዚያ ልጆች የእኛው ናቸው፤ በበጎ ፈቃደኛ መታወቂያ የሚሄድ ሰው ከእነሱ የተለየሁ ነኝ ብሎ አንገቱን ማቅናት አይገባውም።

በተግባር ግን ፖሊስ መንገድ ላይ ሲያስቆማችሁ መልካችሁን አይቶ ስደተኛ ናቸው ሊል ይችላል። የፓስፖርታችሁንና የመኖሪያ ፈቃዳችሁን ቅጂ፣ ከሥራ ቦታችሁ የተጻፈ ደብዳቤ ሁልጊዜ ያዙ። ባልና ሚስት ስትጓዙ እያንዳንዳችሁ የየራሳችሁን ወረቀት ያዙ፤ አንዱ የሁለቱን ይዞ ሌላው ባዶ እጁን አይሂድ። በምትኖሩበት መንደር ግን ጎረቤት ካወቃችሁ ማንም አይነካችሁም። ለቅሶ ድረሱ። እዚያ ለቅሶ ቤት ሴቶች ዱቄት ይዘው ይመጣሉ፣ ወንዶች መቃብር ይቆፍራሉ፤ የእኛን ዕድር የሚያውቅ ሰው ምን ማድረግ እንዳለበት አይጠፋውም። ለሽማግሌ ዕቃ ስትሰጡ ወይም ስትቀበሉ ዝቅ በሉ፤ ሴቶች ደግሞ የአገሩ ሴቶች ከወገባቸው በታች የሚታጠቁትን ጨርቅ ታጥቃችሁ ሂዱ።

ልጅ ይዘን እንሂድ ወይስ ለአያቶቹ እንተው?

ለሕፃን ወባው ያስፈራል፤ ማላዊ በ2019 እ.ኤ.አ. የወባ ክትባትን በመደበኛ ክትባት ውስጥ በመጀመር ከዓለም ቀዳሚ የሆነችው ሕፃናቷ ስላለቁባት ነው። ለትምህርት የደረሰ ልጅ ደግሞ በወረዳ ደረጃ የሚማርበት ደህና ትምህርት ቤት መኖሩን ሳታረጋግጡ አትውሰዱት። እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ከአምስት ዓመት በታች ልጅ ያለው ቤተሰብ ጊዜውን ያዘግይ። ለአያት ትቶ መሄድም ቀላል አይደለም፤ አያት ያሳድጋል፣ ልጁ ግን ስትመለሱ እናንተን እንግዳ አድርጎ ነው የሚያያችሁ።

ልጅ ሳትወልዱ የምትሄዱም አትተርፉም። «ልጆቻችሁ የት ናቸው?» የሚለው ጥያቄ ከሰላምታ ቀጥሎ ይመጣል። በአካባቢው በሚኖረው በቼዋ ሕዝብ ዘንድ ዘር የሚቆጠረው በእናት በኩል ነው፤ ባል ወደ ሚስቱ መንደር ገብቶ የሚኖርበት ልማድ አለ፤ የልጁ የእናቱ ወንድም ከአባቱ ይልቅ ይከበራል። ስለዚህ ጥያቄው ይበልጥ ወደ ሚስት ይወረወራል። «እግዚአብሔር ሲፈቅድ» ብሎ ማለፍ እዚያም ይገባቸዋል።

እናት ወይም አባት ቢሞቱብንስ?

ሰው ሁሉ በመጨረሻ የሚጠይቀን ይህንን ነው፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ቀብር በእኛ ዘንድ በዚያው ቀን ወይም በማግሥቱ ስለሆነ አትደርሱም። ከሊሎንግዌ አዲስ አበባ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ይበራል፤ ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ መንገድ ክፍት ከሆነ ለሠልስት መድረስ ይቻል ይሆናል፣ ካልሆነ ለአርባው መምጣት ይሻላል። ድርጅታችሁ ለሐዘን ስንት ቀን ፈቃድ እንደሚሰጥ፣ ትኬቱን ማን እንደሚከፍል ውሉ ላይ ፈልጉ። የማይከፍል ከሆነ የአንድ ሰው ደርሶ መልስ ትኬት የሚሆን ገንዘብ ለብቻው አስቀምጡ፤ ለሌላ ነገር አትንኩት።

መርዶውን ማን እንደሚነግራችሁ ከመሄዳችሁ በፊት ወስኑ። አገር ቤት ቢሆን ዘመድ ተሰብስቦ በማለዳ ይነግራል፤ እዚያ ግን ስልክ ነው። ሐዘን ለደረሰበት ሰው የትዳር ጓደኛ የሚደውል አንድ ሁነኛ ሰው ይኑር፤ የሰማው ባል ወይም ሚስት ራሱ ቤት ሆኖ፣ ጎረቤት ጠርቶ ይንገር። ለቀሩት ወንድምና እህቶችም «ሳይነገረን ፌስቡክ ላይ ፎቶ እንዳይለጠፍ» ብላችሁ አደራ በሉ። ኔትወርክ በሚጠፋበት ጊዜ አዲስ አበባ ያለ ዘመድ መሐል ላይ ይሁን። እዚያው ተቀምጦ ማልቀስ ግድ ከሆነም ብቻችሁን አትሆኑም፤ የሳሊማ ሴቶች የማያውቋትን የሰው አገር እናት ቁጭ ብለው ያለቅሱላችኋል።

ብንጣላ ማን ያስታርቀናል?

አገር ቤት ባልና ሚስት ሲጋጩ እናት አለች፣ የክርስትና አባት አለ፣ ንስሐ አባት አለ፣ ጎረቤት ድምፅ ሰምቶ «ምን ሆናችሁ?» ብሎ ይገባል። እዚያ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ሁለታችሁ ብቻ ናችሁ። አማርኛችሁን የሚሰማ ሰው የለም። ኩርፊያውም ሦስትና አራት ቀን ሊዘልቅ ይችላል፤ የሚያቋርጠው እንግዳ አይመጣምና።

ከመሄዳችሁ በፊት ሁለታችሁም የምታምኑትን አንድ ሽማግሌ ምረጡ፤ የአንዳችሁ ወገን ብቻ ያልሆነ። በስልክ እንደሚዳኛችሁ ንገሩት፤ ፈቃዱን ጠይቁ። ሌላው ነገር፣ በሳምንት አንድ ቀን ለየብቻ ዋሉ። ቀኑን ሙሉ አብሮ መዋል ፍቅር ይመስላል፤ በሙቀቱ ውስጥ ግን ያፍናል። እሱ ከመምህራኑ ጋር ኳስ ሊያይ ይሂድ፣ እሷ ከነርሶቹ ጋር ገበያ ትውረድ። ለሁለታችሁም የየራሳችሁ ሥራ ይኑር ያልኩት ለዚህም ነው፤ ማታ ስትገናኙ አንዱ ለሌላው የሚያወራው ነገር ይኖረዋል።

አንዳችን ማቋረጥ ብንፈልግና ሌላው መቀጠል ቢፈልግስ?

ውላችሁ የተለያየ ከሆነ የአንዱ መውጣት የሌላውን አያፈርስም፤ የመኖሪያ ፈቃዱ ግን በማን ስም እንደሆነ ተመልከቱ። ተከታይ ሆኖ የገባ ሰው ዋናው ሲወጣ የእሱም ፈቃድ ያበቃል። ውል ሳያልቅ በራሱ ፍላጎት የሚወጣ ሰው የመመለሻ ትኬቱን ራሱ እንዲከፍል ወይም ከተቀበለው የመቋቋሚያ ገንዘብ እንዲመልስ የሚሉ ውሎች አሉ። በሕመም ምክንያት መውጣት ከዚህ ይለያል፤ መድኑ የሚሸፍነው እዚህ ላይ ነው።

ውሉን ከመፈረማችሁ በፊት ይህንን አንቀጽ ሁለታችሁ አንድ ላይ ተቀምጣችሁ አንብቡት፤ ያልገባችሁን ቃል በኢሜይል ጠይቁና መልሱን አትሙት። አንዱ ስድስት ወር ሞክሮ ካልሆነለት ሁለታችሁም ትመለሳላችሁ ወይስ አንዱ ይቀራል የሚለውንም ያኔውኑ ተነጋገሩ፤ ሙቀትና ወባ ካደከማችሁ በኋላ የሚደረግ ንግግር ወደ መወቃቀስ ይሄዳል። በእኔ አስተያየት አንዱ በእውነት ካልቻለ ሁለታችሁም ተመለሱ። ትምህርት ቤቱም ጤና ጣቢያውም ሌላ ሰው ያገኛል፤ ለመውጣት የአንድ ወር ማስጠንቀቂያ ስጡ፣ ሥራችሁን ለሚተካችሁ ሰው በጽሑፍ አስረክቡ።